ጥያቄና መልስ፦ ጠዋት የሚንቃጨል ሞተርና የታይሚንግ ካቴና

ጥያቄ

ክቡር የዓምዱ አዘጋጅ፤ 22 አር የተባለው የቤንዚን ሞተር ያላት አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ አለችኝ፤ በቡና ወቅት ከአጋሮ አካባቢ ወደ ጅማ ጭነት አመላልስባታለሁ። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ጠዋት ሞተሩን ስቀሰቅስ ከፊት በኩል፣ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ጠጠር እንደሚናወጥ ያለ ድምፅ ለጥቂት ሰከንድ ይሰማና ይጠፋ ነበር። አሁን ግን ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ይሰማል፤ በተለይ በፍጥነት ስነዳ ቆይቼ እግሬን ከነዳጅ መስጫው ላይ ሳነሳ ይብሳል። አንዱ መካኒክ ቫልቭ ማስተካከል ብቻ ነው የሚያስፈልጋት አለኝ፤ ሌላው ሞተሩ ወርዶ ሙሉ እድሳት ይደረግለት አለ፤ ሦስተኛው ደግሞ ወፍራም ዘይት ሙላበትና ድምፁ ይጠፋል ብሎኛል። ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት የትኛውን ልመን?

ሁ. አ.፣ ጅማ፣ ሂርማታ

መልስ

ውድ ሁ. አ.፤ ከሦስቱ ምክሮች አንዱንም ለመቀበል ገና ነው፤ ሦስቱም የተሰጡት ሞተሩ ተከፍቶ ሳይታይ ነውና። የገለጹት የድምፅ አካሄድ፣ ማለትም መጀመሪያ በብርድ ብቻ ለጥቂት ሰከንድ መሰማቱ፣ ቀጥሎ በሙቀትም መደገሙ፣ አሁን ደግሞ ነዳጅ ሲለቀቅ መባሱ፣ የታይሚንግ ካቴናው እንደላላ ወይም የሚደግፈው ክፍል እንደተሰበረ አጥብቆ ያስጠረጥራል። ጥርጣሬውን ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው የቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ራስ) የላይኛውን ክዳን ፈትቶ ማየት ነው፤ ይህ ለሠለጠነ እጅ ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ ሥራ ሲሆን ወጪውም ከእጅ ዋጋው ሌላ ቢበዛ የአንድ ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረቶች መካከል ገብቶ ፍሳሽ የሚከላከል ንጣፍ) ዋጋ ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ጭነት እንዳይጭኑባት፣ ቢቻል ጨርሶ እንዳያንቀሳቅሷት አጥብቄ እለምናለሁ፤ ምክንያቱን ቀጥዬ አስረዳለሁ።

22 አር 2,366 ሲሲ ይዘት ያለው ባለአራት ሲሊንደር ሞተር ሲሆን፣ ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ካምሻፍት ከላይ ቴስታታው ላይ ተቀምጧል። ካምሻፍቱን የሚያዞረው ከታች ካለው ክራንክሻፍት (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) የሚነሣ ረጅም ካቴና ነው፤ ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ይዞራል። ካቴናው እንዳይወዛወዝ ጋይድ የሚባሉ ሁለት ደጋፊዎች፣ አንዱ በሹፌሩ በኩል፣ ሌላው በተሳፋሪው በኩል ሆነው ይመሩታል፤ በተሳፋሪው በኩል ደግሞ ቴንሽነር የሚባለው ወጣሪ ዘወትር ይገፋዋል። ይህ ወጣሪ ጉልበቱን በዋናነት የሚያገኘው ከዘይት ፓምፑ ከሚመጣው ግፊት ነው። ሞተሩ ቆሞ ሲያድር ዘይቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጠዋት ሲቀሰቀስ ግፊቱ እስኪደርስ ድረስ ካቴናው ላላ ብሎ በሹፌሩ በኩል ያለውን ጋይድ ይመታል። የመጀመሪያዎቹ የዚህ ቤተሰብ ሞተሮች ባለድርብ ረድፍ ካቴና ነበራቸው፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ግን ባለነጠላ ረድፍ ካቴናና የፕላስቲክ ጋይድ የተገጠመላቸው ናቸው። ፕላስቲኩ ለብዙ ዓመታት ሙቀትና ዘይት ሲፈራረቅበት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ በመጨረሻም በዚያው በጠዋት ምት ተሰብሮ ወደ ዘይት ቋቱ ይወድቃል።

አደጋው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጋይዱ ሲወድቅ ካቴናው የሚያርፍበት ስለሚያጣ የታይሚንጉን የአልሙኒየም ክዳን ከውስጥ በኩል መፋቅ ይጀምራል። ከዚያ ከሚፋቀው ግድግዳ በስተጀርባ የራዲያተር ውሃ የሚያልፍበት ቀዳዳ አለ። ግድግዳው ሳስቶ ሲበሳ ውሃው ወደ ሞተር ዘይቱ ይገባል፤ ውሃ የተቀላቀለበት ዘይት ደግሞ የቢዬላና (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ክንድ) የክራንክሻፍት ብሮንዚኖችን፣ ማለትም የሚሽከረከሩባቸውን ስስ የብረት ንጣፎች፣ በአጭር ጊዜ ያበላሻል። በጥቂት ገንዘብ ሊለወጥ የሚችል የፕላስቲክ ቁራጭ ሙሉ ሞተር የሚያስከፍለው በዚህ መንገድ ነው። ጭነት ይቅር ያልኩዎትም፣ ድምፁ በሙቀትም መሰማቱ ጋይዱ ምናልባት ከወደቀ መቆየቱን ስለሚያመለክትና ግድግዳው ምን ያህል እንደተበላ ከውጭ ሆኖ ማወቅ ስለማይቻል ነው።

ክዳኑ ከመፈታቱ በፊት ድምፁ ከሌላ ቦታ አለመምጣቱን መለየት ተገቢ ነው። በመጀመሪያ ሞተሩ ቀዝቅዞ ባደረበት ጠዋት የፊት ቺንጋዎቹን አውጥተው ሞተሩን ከአንድ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ያስነሡ፤ ቺንጋ ሲወጣ የውሃ ፓምፑም ስለሚቆም ከዚያ በላይ ማቆየት አይገባም። ድምፁ አብሮ ከጠፋ ጥፋቱ ያለው በዲናሞው ወይም በውሃ ፓምፑ ኩሽኔታ ነው፤ ለእርስዎም መልካም ዜና ይሆናል። ካልጠፋ ረጅም ካቻቢቴ ወይም ደረቅ እንጨት ይውሰዱና አንዱን ጫፍ በታይሚንጉ ክዳን ላይ፣ ሌላውን ጫፍ በጆሮዎ አጠገብ አድርገው ያዳምጡ፤ ቀጥሎ ጫፉን ወደ ቴስታታው ክዳን፣ ከዚያም ወደ ሞተሩ ግርጌ እያዛወሩ ድምፁ የት እንደሚበረታ ያወዳድሩ። ይህን ሲያደርጉ ጋቢ ወይም ነጠላ ደርበው፣ የሸሚዝ እጅጌም ለቀው ወደሚሽከረከር ፋን አይጠጉ፤ በዚህ ምክንያት የሚደርስ ጉዳት ከማንኛውም የሞተር ብልሽት የከፋ ነው።

የቫልቭ ክፍተት ሲሰፋ የሚሰማው ድምፅ ቀጭንና እኩል የተመጠነ ሲሆን፣ ከላይ ከቴስታታው ክዳን ሥር ይመጣል፤ ነዳጅ ሲለቀቅም የተለየ መባስ አያሳይም። ስለዚህ የመጀመሪያው መካኒክ ያለው ነገር ከገለጹት ምልክት ጋር አይገጥምም። የቢዬላ ማንኳኳት ደግሞ ወፍራምና ከታች የሚመጣ ነው፤ ሞተሩ ጭነት ሲያገኝ፣ ለምሳሌ ዳገት ሲወጣ ይበረታል። የአንዱን ሲሊንደር የካንዴላ ገመድ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ነቅሎ ከሞተሩ አካል ጋር በማገናኘት መልሶ ቢያስነሡትና ድምፁ በጣም ከቀነሰ ጥፋቱ በዚያ ሲሊንደር ቢዬላ ላይ ነው፤ የካቴና ድምፅ ግን በዚህ ሙከራ አይለወጥም። የጭስ ማውጫው ጓርኒሲዮን ሲያፈስም ተመሳሳይ ትክትክታ ያሰማል፤ ነገር ግን ብረቱ ሲሞቅና ሲሰፋ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፤ የእርስዎ ተቃራኒውን አድርጓል። ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ የግቤን ሸለቆ ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ይዘው ሲወርዱ ድምፁ ጎልቶ ሰምተው እንደነበር ያስታውሱ ይሆናል። ጎማዎቹ ሞተሩን በሚጎትቱበት ጊዜ በካቴናው ላይ ያለው ውጥረት ስለሚለዋወጥ የላላ ካቴና ራሱን የሚገልጠው እንዲህ ባለው ሰዓት ነው።

አሁን የቴስታታው ክዳን ይፈታ። በእጅ ባትሪ ወይም በስልክ መብራት ከካምሻፍቱ ስፕሮኬት (ካቴናው የሚጠመጠምበት ባለጥርስ ክብ) ሥር በሹፌሩ በኩል ወደ ታች ይመልከቱ። ጋይዱ በቦታው ካለ ከካቴናው ጎን ቁልቁል ተዘርግቶ ይታያል፤ ከሌለ ወይም ጫፉ ብቻ ከቀረ ምርመራው አብቅቷል። በዚያው በኩል በክዳኑ የውስጥ ግድግዳ ላይ የሚያብረቀርቅ ቦይ መሰል ጭረት ቢታይ ካቴናው አልሙኒየሙን እየበላ ነው ማለት ነው። ጋይዱ ሙሉ ሆኖ ቢገኝ እንኳ የካቴናውን ልልነት መለካት ያሻል፤ የዲስትሪቢዩተሩን (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው ክፍል) ክዳን አንሥተው፣ ካንዴላዎቹንም አውጥተው፣ በፑሊው ብሎን ላይ በገባ ቁልፍ ክራንክሻፍቱን በዝግታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያወዛውዙ፤ አንድ ሰው ደግሞ የዲስትሪቢዩተሩን ሮተር፣ ማለትም በውስጡ የሚዞረውን ክፍል፣ ይከታተል። በዚህ ሞተር ዲስትሪቢዩተሩ የሚዞረው በካምሻፍቱ ፊት ባለ ጊር ስለሆነ፣ ክራንክሻፍቱ ተንቀሳቅሶ ሮተሩ ሳይንቀሳቀስ የሚያልፈው ርቀት የካቴናውን ልልነት ያሳያል። ጥቂት ዲግሪ ያለ ነው፤ ወደ አሥር ዲግሪ ከተጠጋ ግን ካቴናው ረዝሟል።

ዘይቱን ሲያፈስሱ በነጭ ጨርቅ ያጥሉት። ጥቁር ወይም ቡናማ የፕላስቲክ ስብርባሪ የጋይዱ ነው፤ ነጣ ያለ የብረት ብናኝ የአልሙኒየሙ ክዳን ሲሆን፣ ወርቃማ ወይም የመዳብ መልክ ያለው ብናኝ ብሮንዚኖች መበላታቸውን ይናገራል። የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጠው ነጭ አረፋ ቢያዩ ወዲያው አይደንግጡ፤ በጅማ ረጅም የዝናብ ወራት ከቤት እስከ መርካቶ ባለች አጭር ርቀት ብቻ የምትመላለስ መኪና ውስጥ ከአየሩ እርጥበት የተነሣ እንዲህ ያለ ቀጭን አረፋ ይፈጠራል። ቁርጡን የሚነግርዎት የዘይት መለኪያ ዘንጉና የራዲያተሩ ውሃ ናቸው፤ በዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ወተት የመሰለ ከሆነ፣ ወይም ውሃው ከውጭ ሳያፈስ በየሳምንቱ የሚጎድል ከሆነ፣ ሞተሩን አንድም ጊዜ እንኳ እንዳያስነሡ፤ መኪናዋ ተጎትታ ትሂድ።

ስለ ወፍራም ዘይት የተሰጠዎትን ምክር በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ አይቀበሉት። ወፍራም ዘይት በብርድ ሰዓት ወደ ወጣሪው የሚደርሰው ዘግይቶ ስለሆነ ካቴናው ያለ ውጥረት የሚመታበትን ጊዜ ያስረዝማል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ድምፁን ጥቂት ቢያደበዝዝም፣ የሚደበቀው ድምፁ እንጂ የክዳኑ መፋቅ አይደለም። ድምፁ የጠዋት ብቻ ሆኖ ጋይዱ ደህና በሚገኝበት ሁኔታ ግን የዘይት ፊልትሮውን መጠርጠር ተገቢ ነው። ጥሩ ፊልትሮ ውስጥ ዘይቱ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ የጎማ ቫልቭ አለ፤ በርካሽ ፊልትሮዎች ይህ ጎማ ቶሎ ይደርቃልና ሌሊት ዘይቱ ሁሉ ይወርዳል። ይህ በብዙ ጋራዦች የሚዘለል ነጥብ በመሆኑ ያሳስበኛል።

ሙሉ እድሳት ያስፈልጋል ያለው ባለሙያ ትክክል የሚሆነው ብሮንዚኖቹ ከተበላሹ ብቻ ነው፤ ይህም የሚታወቀው በመገመት ሳይሆን የዘይት ግፊትን በመለካት ነው። የዘይት መብራቱን የሚያበራው መቆጣጠሪያ ተነቅሎ በቦታው የግፊት መለኪያ ይገጠም፤ ሞተሩ በሚገባ ሞቆ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር ግፊቱ ከ2.5 እስከ 5 ባር ባለው ውስጥ ከሆነ የታችኛውን ክፍል ለመንካት ምክንያት የለም። እርግጥ ይህ ልኬት የሚደረገው በዘይቱ ውስጥ ውሃ አለመኖሩ ከታወቀ በኋላ ነው።

ወደ ጥገናው ስንመጣ፣ ካቴናውን ብቻ ወይም ጋይዱን ብቻ መለወጥን አልደግፍም። ካቴናው፣ ሁለቱ ስፕሮኬቶች፣ ወጣሪውና ሁለቱም ጋይዶች አንድ ላይ ያረጁ ናቸውና አንድ ላይ ይለወጡ፤ አዲስ ካቴና በተበላ ጥርስ ላይ ሲዞር ቶሎ ይረዝማል። ከእነዚህ ጋር የክራንክሻፍቱ የፊት ዘይት ማገጃ፣ የታይሚንጉ ክዳን ጓርኒሲዮኖች፣ ዘይትና ፊልትሮ ይገዛሉ፤ የውሃ ፓምፑም በዚያው ክዳን ላይ የተገጠመ ስለሆነ ኩሽኔታው ከላላ በዚሁ አጋጣሚ ይለወጥ። ዕቃውን በጅማም ሆነ በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ የካቴናውን ረድፍና የማያያዣዎቹን ብዛት ያስተያዩ። በሹፌሩ በኩል የሚገጠመው ጋይድ ጀርባው ብረት የሆነ ከተገኘ እሱን ይምረጡ፤ ዋጋው ጥቂት ቢጨምርም ሙሉ በሙሉ ከፕላስቲክ እንደተሠራው በቀላሉ ተሰብሮ አይወድቅም። የሚገዙት ካቴና ማያያዣዎቹ በእጅ ሲጎነበሱ የሚሸማቀቁ ወይም ወደ ጎን ከልክ በላይ የሚታጠፉ ከሆነ ሻጩ የሚለውን ሁሉ ቢልም አይውሰዱት።

ሥራውን የሚሠራው መካኒክ ይህን ሞተር ቀድሞ የሚያውቅ ቢሆን ይመረጣል፤ የማያውቅ ሰው የሚሰናከልባቸው ጥቂት ቦታዎች አሉና። ከሁሉም በላይ፣ ከካምሻፍቱ ስፕሮኬት ሥር ዘይት በሚጠራቀምበት ጎድጓዳ ውስጥ ቴስታታውን ከታይሚንጉ ክዳን ጋር የሚያስተሳስር አንድ የተደበቀ ብሎን አለ። በዘይት ስለሚሸፈን አይታይም፤ ይህ ሳይፈታ ክዳኑን በካቻቢቴ ለመፈልቀቅ የሚሞክር ሰው አልሙኒየሙን ይሰነጥቀዋል፤ ስለዚህ ዘይቱ በጨርቅ ተመጥጦ ብሎኑ መታየቱንና መውጣቱን ራስዎ ቆመው ያረጋግጡ። የክዳኑ ብሎኖች ርዝመታቸው የተለያየ በመሆኑም የየትኛው ቀዳዳ እንደሆኑ በካርቶን ላይ እየተሰኩ ይቀመጡ፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ገብቶ ሲጠብቅ ሞተሩን ይጎዳል።

ቴስታታው ሳይወርድ ክዳኑን ማውጣት ይቻላል፤ ነገር ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን የፊት ጠርዝ በክዳኑ ላይ የተኛ ስለሆነ እንዳይቀደድ በስስ ምላጭ ቀስ ተብሎ መላቀቅ፣ ሲመለስም በሚገባ ተጸድቶ ሲሊኮን መቀባት አለበት። ከታችም የዘይት ቋቱ ቢወርድ የወደቀው የፕላስቲክ ስብርባሪ ከዘይት መሳቢያው ወንፊት ላይ ይለቀማል፤ ያ ስብርባሪ ወንፊቱን ዘግቶ ሞተሩን ዘይት የሚነፍግበት ጊዜ አለና ይህን ደረጃ መዝለል አይገባም። በፊት ጎማዎቹም የምትነዳው ዓይነት ከሆነች የፊት ዲፈረንሻሉ ቋቱን ይከለክላልና ሥራው ይረዝማል፤ መካኒኩ ለዚህ ተጨማሪ ዋጋ ቢጠይቅ ተገቢ ነው።

ካቴናው ሲገጠም የአንደኛው ሲሊንደር ፒስተን በላይኛው ጫፍ ላይ ይሁን፤ የክራንክሻፍቱ ቁልፍ ማስገቢያ ወደ ላይ፣ የካምሻፍቱም ፒን እንዲሁ ወደ ላይ ያመለክታሉ፤ ቀለማቸው የተለየ የካቴናው ማያያዣዎች በሁለቱ ስፕሮኬቶች ላይ ካሉት ምልክቶች ጋር ይገጥማሉ። ሞተሩ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ከተዞረ በኋላ ቀለም ያላቸው ማያያዣዎች ከምልክቶቹ ላይ ቢርቁ ማንም አይደናገጥ፤ እነሱ ተመልሰው የሚገጥሙት ከብዙ ዙር በኋላ ነው። መታየት ያለበት የክራንክሻፍቱና የካምሻፍቱ አቅጣጫ መልሶ መግጠሙ ነው። በዚህ የእጅ ዙር ጊዜ አንዳች ነገር ቢያግድ በጉልበት ማለፍ ፈጽሞ አይገባም።

ክዳኑ ከመገጠሙ በፊት ግድግዳው በጥንቃቄ ይታይ። ጭረቱ ስስ ከሆነ መልሶ መጠቀም ይቻላል፤ ጥፍር የሚይዝ ጥልቅ ቦይ ከሆነ ግን ሌላ ክዳን እንዲፈልጉ እመክራለሁ። ቀዳዳውን በማጣበቂያ ደፍኖ መመለስ ለጊዜው እንጂ ለዘለቄታው የሚታመን አይደለም፤ ሙቅ ውሃ በግፊት የሚያልፍበት ቦታ ነውና። በአልሙኒየም ብየዳ ማስሞላት የተሻለ ነው፤ ሆኖም ብየዳው ሙቀቱ ብረቱን ሊያጣምመው ስለሚችል የሚገጥምበት ፊት ቀጥ ያለ መሆኑ በማቅኛ ብረት ይለካ።

የዘይት ፓምፑ ከክዳኑ ፊት ያለ ስለሆነ በዚህ ሥራ ይደርቃል። ጊሮቹ በቫዝሊን ተሞልተው ይገጠሙ፤ ከዚያም የኮይሉ ገመድ ተነቅሎ፣ ሞተሩ እሳት ሳያገኝ፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ በማስነሻው በአጭር በአጭሩ ይዙር። ይህ ሳይደረግ የተነሣ ሞተር አዲሱን ካቴና ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ያለ ዘይትና ያለ ውጥረት ያንገላታዋል። ሞተሩ ሲሞቅ የቫልቮቹ ክፍተት ለአስገቢው 0.20፣ ለአስወጪው 0.30 ሚሊሜትር ይስተካከል፤ የካንዴላዎቹ እሳት የሚነሣበት ሰዓትም በታይሚንግ መብራት ይለካ፤ ካቴናው ሲለወጥ ቀድሞ በላላው ካቴና የተስተካከለው እሳት ልክ መሆኑ ይቀራልና። የመጀመሪያው ዘይት በቶሎ፣ ጥቂት መቶ ኪሎሜትር እንደተሄደ ቢፈስ የቀረውን ብናኝ ይዞ ይወጣል።

ጥያቄ

የአባቴ ላዳ 2106 ከፊት በኩል ካቴናው ይንኳኳል። የሃይሉክስ ባለቤት የሆነ ጎረቤታችን ሁሉንም ዕቃ እንደለወጠ ነግሮን እኛም እንዲሁ ማድረግ እንዳለብን መክሮናል። ዕቃው በቀላሉ አይገኝምና መጀመሪያ መሞከር ያለብን ነገር አለ?

ተ. መ.፣ አጋሮ

መልስ

አለ፤ ወጪም የለውም። የላዳው ወጣሪ እንደ ሃይሉክሱ በዘይት ግፊት ራሱን የሚያስተካክል ሳይሆን በየጊዜው በእጅ የሚወጠር ነው። ከቴስታታው ፊት በቀኝ ጎን በ13 ቁልፍ የሚፈታ ክዳን ያለው ዳዶ አለ፤ ይህን ዳዶ ሳያወጡ ከግማሽ እስከ አንድ ዙር ያላሉት፤ በውስጡ ያለው ስፕሪንግ ካቴናውን ይገፋዋል። ከዚያ ማርሹን ነጻ አድርገው በክራንክሻፍቱ ፊት ባለው በትልቁ የ38 ቁልፍ ሞተሩን በሚዞርበት አቅጣጫ ሁለትና ሦስት ጊዜ ያዙሩትና ዳዶውን መልሰው ያጥብቁ። ወደ ኋላ መልሶ ማዞር ካቴናውን በተሳሳተው ወገን ስለሚያላላው መወገድ አለበት።

ከዚህ በኋላ ድምፁ ካልጠፋ ሁለት ነገሮች ይጠረጠራሉ። አንደኛው የወጣሪው ዘንግ በቦታው ደርቆ መያዙ ነው፤ ዳዶው ላልቶ ሳለ በእንጨት ቀስ ብሎ መታ መታ ማድረግ ብዙ ጊዜ ያላቅቀዋል፤ ካልሆነ ወጥቶ ይጸዳል። ሁለተኛው በወጣሪው የሚገፋው ጫማ መሰል ክፍል ወይም በተቃራኒው በኩል ያለው ደጋፊ ማለቁ ወይም መሰበሩ ነው። የቴስታታው ክዳን ተነሥቶ በሽቦ መንጠቆ ሲነካ ደጋፊው የሚወዛወዝ ከሆነ ብሎኖቹ ላልተዋል ወይም ተሰብሯል። ወጣሪው እስከ ጫፉ ተገፍቶም ካቴናው በእጅ ሲጫኑት አሁንም የሚሰምጥ ከሆነ ግን ካቴናው ረዝሟልና መለወጡ አይቀርም።

ሃይሉክሱ ላይ የጠቀስኩትን የሮተር ሙከራ በእርስዎ መኪና ላይ አይጠቀሙበት። በላዳ ካቴናው ካምሻፍቱን ብቻ ሳይሆን ዲስትሪቢዩተሩንና የዘይት ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰውን መካከለኛ ዘንግም የሚያዞር ስለሆነ፣ የሮተሩ እንቅስቃሴ ስለ ካምሻፍቱ የሚናገረው ነገር የለም። በላዳ ላይ የሚታየው በካምሻፍቱ ስፕሮኬት ላይ ያለው ምልክት፣ የክራንክሻፍቱ ምልክት በቦታው ሲሆን፣ በስተኋላው ካለው ምልክት ጋር መግጠሙ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በቅድሚያ ያረጋግጡ። ላዳ ሁሉ ባለካቴና አይደለም፤ ለ2105 የተሠራው 1.3 ሊትር ሞተር ባለቺንጋ ነው፤ ሞተራቸው ከሌላ ላዳ የተለዋወጠ መኪኖችም ስላሉ፣ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት በመኪናው ስም ሳይሆን በሞተሩ ላይ በተቀረጸው ቁጥር ይመሩ።

ጥያቄ

ያገለገለች ቪትዝ ልገዛ ነው። ደላላው 100,000 ኪሎሜትር ስላለፈች ካቴናዋን ወዲያው ማስለወጥ አለብሽ፣ ስለዚህ ባለቤቱን ዋጋ ቀንስ ብዬ ላደራድርልሽ አለኝ። እውነት ነው?

ሰ. ገ.፣ ጅማ

መልስ

100,000 ኪሎሜትር የተባለው ለቺንጋ እንጂ ለካቴና አይደለም። እንደ 4 ኤ እና 5 ኤ ያሉ የቀድሞ የኮሮላ ሞተሮች የጎማ ቺንጋ ስላላቸው በኪሎሜትር ይለወጣል፤ በቪትዝ የተገጠሙት ሞተሮች ግን ባለካቴና ናቸው፤ ካቴናው የሚለወጠው ምልክት ሲያሳይ እንጂ ኪሎሜትር ሲደርስ አይደለም። ዕድሜውን የሚወስነው ዘይቱ በጊዜው መለወጡ ነው። የቆሸሸ ዘይት የካቴናውን ማያያዣዎች ይበላል፤ በተጨማሪም የካምሻፍቱን ሰዓት የሚያስተካክለው የቪቪቲ-አይ ክፍል በዘይት ግፊት የሚሠራ በመሆኑ ጥቃቅን ወንፊቱ ሲዘጋ እሱም በጠዋት ይንኳኳል፤ ብዙ ሰው ይህን ከካቴና ጋር ያምታታዋል።

ስለዚህ በኪሎሜትር ሳይሆን በመኪናዋ ሁኔታ ይደራደሩ። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው ውስጡን ይመልከቱ፤ ብረቱ ቡናማ ሆኖ ንጹሕ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ጥቁር ዝፍት የመሰለ ቆሻሻ ከተጋገረበት ባለቤቱ ዘይት አዘግይቷል። በኮምፒውተር ስትመረመር ፒ 0016 የሚል ኮድ ከወጣ የካምሻፍቱና የክራንክሻፍቱ ሰዓት አልገጠመም ማለት ነው፤ ያኔ የካቴናው ጥያቄ እውነተኛ ይሆናል፤ ካቴናው ጥርስ ቢዘል ቫልቭና ፒስተን ሊጋጩ ስለሚችሉም ሳይመረመር አይነዳም። ከሁሉ በፊት ግን ቀጠሮውን በማለዳ ያድርጉ፤ ባለቤቱም ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያሞቀው ይንገሩት። ሲደርሱ እጅዎን በሞተሩ መክደኛ ላይ ያሳርፉ፤ ሞቆ ካገኙት ግዢውን ለሌላ ጠዋት ያስተላልፉት።